የልጅ አጥንት አማና ነው
(በሬድዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር፤ ወልቂጤ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ሰው አጽም ነው። በተለይም ስለ አጽም ለልጆቻችን ለምንና እንዴት እንደምናስተምራቸው እናያለን። «ይህ የሐኪም ወይም የሳይንስ መምህር ሥራ አይደለም ወይ? ኢማም ስለ አጥንት ምን አገባው?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከራሱ ከቁርኣን እናገኘዋለን። የመካ ሙሽሪኮች ትንሣኤን ሲያስተባብሉ ይዘው የመጡት ማስረጃ ምን ነበር? የበሰበሰ አጥንት ነበር። አጥንት በእጃቸው አድቅቀው «ይህን ማን ሕያው ያደርገዋል?» ብለው ተሳለቁ። የሱረቱ ያሲን መጨረሻ ለዚህ ንግግር የተሰጠ ምላሽ ነው። በሱረቱል ሙእሚኑን የሰው ልጅ በእናቱ ማህፀን ውስጥ ሲፈጠር አጥንት እንደሚሆንና አጥንቱም ሥጋ እንደሚለብስ ተነግሮናል። በሱረቱል ቂያማ ደግሞ አላህ አጥንታችንን መሰብሰብ ቀርቶ የጣቶቻችንን ጫፍ እንኳ አስተካክሎ መመለስ እንደሚችል ተገልጿል። ቁርኣን ደጋግሞ የጠቀሰውን ነገር እኛ ለልጆቻችን የማናስተምርበት ምክንያት የለም።

ውድ ወላጆች፣ የራሱን አጥንት ያወቀ ልጅ ሦስት ነገር ያተርፋል። አንደኛ፣ የፈጣሪውን ሥራ በገዛ አካሉ ላይ ያነባል። ሁለተኛ፣ ዉዱእና ሰላቱን በማስተዋል ይፈጽማል። ሦስተኛ፣ አካሉን ይጠብቃል፤ ሲጎዳም በጊዜ ይናገራል። ይህ ሦስተኛው ቀላል ነገር አይደለም። በወቅቱ አንዲት ቃል ሳይናገር በመቅረቱ እጁን ያጣ ልጅ በአገራችን አለና። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን፤ ኢንሻአላህ።

አጽም ማስፈራሪያ አይደለም

አንድ ልማድ አለን። ልጅ ሲያስቸግር «የሙት አጽም ይመጣብሃል» እንለዋለን። ልጁም ስለ አጽም የሚያውቀው የመጀመሪያ ነገር ፍርሃት ይሆናል። ትምህርት ቤት ሄዶ የአጽም ሥዕል ሲያይ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ከጓደኞቹ ጋር ይሳለቅበታል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ለልጁ በቅድሚያ ልንነግረው የሚገባን አጥንት ሕያው ነገር መሆኑን ነው። እንደ ቤት ማገር ደርቆ የቆመ እንጨት አይደለም። ደም ይገባበታል፤ ነርቭ አለው፤ ሲሰበር ያማል፤ ከዚያም በአላህ ፈቃድ ራሱን ይጠግናል። ውስጡ ያለው መቅኒ ደማችን የሚመረትበት ቦታ ነው። አንድ ሕፃን ሲወለድ በአካሉ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ የአጥንት ክፍሎች አሉት። ሲያድግ አንዳንዶቹ እርስ በርስ እየተጋጠሙ አንድ ይሆኑና አዋቂ ሰው ላይ 206 ይቀራሉ። እናቶች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። በሕፃኑ አናት ላይ የምትመታው እርግብግቢት ምንድን ናት? የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና ያልተገናኙበት ክፍት ቦታ ናት። ሕፃኑ በጠባቡ የማህፀን በር በሰላም እንዲያልፍና አንጎሉም የሚያድግበት ቦታ እንዲያገኝ አላህ በእዝነቱ ክፍት ተዋት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ትገጥማለች። ሱብሓነላህ!

ከዚህ ጋር ሌላውንም አደብ እናስተምር። የሞተ ሰው አጥንት ክቡር ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሙትን አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር መሆኑን አስተምረውናል። ስለዚህ በመቃብር አካባቢ የሚጫወት ልጅ አጥንት ቢያይ ሊፈራም ሊራገጥም አይገባውም። ለትልቅ ሰው ነግሮ ተመልሶ እንዲቀበር ማድረግ ይኖርበታል።

ዉዱእና ሰላት፣ የአጥንት ትምህርት ቤት

አንዳንድ ወላጅ «የማስተማሪያ አጽም ከየት ላምጣ?» ይላል። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ከፕላስቲክ የተሠራ አጽም አለ፤ በብዙው የለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን አጽም ይዞ ይዞራል። በቀን አምስት ጊዜም ዉዱእ ሲያደርግ በእጁ ይዳስሰዋል።

እስቲ አሁን ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አብረን እንሞክር። እጁን ይታጠብ። በአንድ እጅ ላይ 27 አጥንቶች አሉ፤ 8 በአንጓው፣ 5 በመዳፉ፣ 14 በጣቶቹ። ጣቶቹ አምስት ሆነው እንዴት 14 ሆነ? ልጁ ራሱ ይቁጠር። አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት አጥንት አላቸው፤ አውራ ጣት ግን ሁለት ብቻ ነው ያለው። ከሰላት በኋላ በጣቱ ተስቢሕ ሲያደርግ አውራ ጣቱ የሚነካካቸው እነዚሁ የአራቱ ጣቶች 12 አጥንቶች ናቸው።

ወደ ክርኑ ይለፍ። እዚያ ሦስት አጥንቶች ይገናኛሉ፤ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት። ክርናችን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን አጥንቱ ሳይሆን በአጥንቱ ጀርባ በኩል የሚያልፍ ነርቭ ነው። አሁን ልጁ እጁን ለዱዓ እንደሚዘረጋ መዳፉን ወደ ላይ ያድርግ። ሁለቱ የታችኛው ክንድ አጥንቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። መዳፉን ወደ መሬት ሲገለብጥ ግን አንደኛው በሌላው ላይ ተሻግሮ ይጠላለፋል። በሌላኛው እጁ ክንዱን ይዞ ቢገላብጠው እንቅስቃሴው ይሰማዋል።

እግሩን ሲያጥብ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያሉትን ሁለት ጉብታዎች ይዳስስ። ብዙ ሰው የእግር መዳፍ አጥንቶች ይመስሉታል። እነሱ ግን ከጉልበት በታች ያሉት የሁለቱ ረጃጅም አጥንቶች የታች ጫፎች ናቸው። የዉዱእ ድንበር የት እንደሆነ ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ አይሳሳትም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይታጠብ ስለሚቀር ተረከዝ አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። የተረከዝ አጥንት ከእግር መዳፍ አጥንቶች ሁሉ ትልቁ ነው። በአንድ እግር መዳፍ 26 አጥንቶች አሉ። ሁለቱን እጆችና ሁለቱን እግሮች ስንደምር 106 ይሆናል፤ ማለትም ከመላ አጽማችን ከግማሽ በላይ የሆነው በእጅና በእግር ላይ ነው ያለው።

ሰላት ላይም እንደዚሁ ነው። ሩኩዕ ሲያደርግ የሚታጠፈው ዳሌውና ጉልበቱን የያዘው እጁ ነው፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። በጀርባው ውስጥ አንድ ላይ የተደረደሩ 24 የአከርካሪ አጥንቶች አሉ፤ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ። ከእነዚህ በታች የዳሌው መሐል አጥንትና የመጨረሻዋ የጭራ አጥንት ይገኛሉ። ዐጅቡ ዘነብ ተብላ በሐዲሥ የተጠቀሰችው ይህችው የመጨረሻዋ ናት። ሱጁድ ላይ ደግሞ በሰባት አጥንቶች እንድንሰግድ ታዘናል፤ እነሱም ግንባር (ከአፍንጫ ጋር)፣ ሁለት እጆች፣ ሁለት ጉልበቶች፣ የሁለቱ እግሮች ጣቶች ናቸው። ለልጁ «በሰባት አጥንት ስገድ» ብትሉት ይሸመድደዋል። በእጃችሁ እያንዳንዱን ነካ ነካ ብታደርጉለት ግን አይረሳውም።

በሰው አካል ላይ 360 መገጣጠሚያዎች እንዳሉና በየቀኑ ለእያንዳንዱ ሰደቃ እንደሚገባ፣ ሁለት ረከዓ የዱሓ ሰላትም ይህን እንደሚያብቃቃ በሙስሊም ዘገባ ይታወቃል። አንድ ነገር ግን ላሳስብ። የሕክምና መጻሕፍት መገጣጠሚያን የሚቆጥሩበት መንገድ የተለያየ ነው። ሐዲሡን ለመደገፍ ብላችሁ ከየቦታው ቁጥር አትለቃቅሙ። የሐዲሡ መልእክት ምስጋና ነው። ልጁ ጣቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ «ለዚህ ምን ሰደቃ ሰጠሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረጉ ይበቃናል።

የጎን አጥንት ጉዳይ

በአካባቢያችን ሰዎች በእርግጠኝነት የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። «ሐዋ ከአደም ጎን ስለተፈጠረች ወንድ ከሴት አንድ የጎን አጥንት ይጎድለዋል» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ወንድም ሴትም 12 ጥንድ፣ በድምሩ 24 የጎን አጥንቶች አሏቸው። ከአሥራ ሁለቱ ጥንድ ሰባቱ በቀጥታ ከፊተኛው የደረት አጥንት ጋር ይገናኛሉ፤ ሦስቱ በልም አጥንት አማካይነት ይያያዛሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች ደግሞ ፊታቸው ነፃ ነው።

የጎን አጥንቱ ሐዲሥ የአደም ወንዶች ልጆች አጥንት ይጎድላቸዋል አላለም። አባቱ እጁ የተቆረጠ ሰው ልጁ ባለ አንድ እጅ ሆኖ አይወለድም። የሐዲሡ ትምህርት ወንዶች ለሴቶች መልካም እንዲሆኑ፣ በኃይል ለማቃናት እንዳይሞክሩ ነው። ልጃችሁ በትምህርት ቤት 24 መሆኑን ተምሮ፣ ቤት ሲመጣ 23 ነው ብትሉት፣ ከሁለቱ አንዱን ሊክድ ነው። እኛ ባልተባለ ነገር ምክንያት ልጃችን ሐዲሡን እንዲጠራጠር ለምን እናደርጋለን?

የዓረፋ በሬና የባግዳዱ ሊቅ

ዓረፋ ሲደርስ የአካባቢያችን ተወላጅ ከየከተማው ወደ ቤተሰቡ ይገባል። በሬ ይታረዳል፤ ልጆች ከበው ያያሉ። ይህ ታላቅ የትምህርት ዕድል ነው። ጉልበቱ ሲከፈት በአጥንቱ ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ፣ የሚያንሸራትት ልም አጥንት አሳዩአቸው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውን ጅማት ያስተውሉ። ቅልጥሙ ሲሰበር መቅኒውን ይዩ። «አላህ በአንተም ጉልበት ውስጥ እንዲህ ያለ ሠርቷል» በሏቸው።

የታችኛውን መንጋጭላም ልብ ብለው እንዲያዩት አድርጉ። የከብት መንጋጭላ ከፊት በኩል፣ በአገጩ ላይ፣ የግራውና የቀኙ ወገን የሚገናኙበት መጋጠሚያ አለው። ይህች ትንሽ ነገር ትልቅ ታሪክ አላት። ጋሌን (ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት) የግሪክ ሐኪም የሰውም የታችኛው መንጋጭላ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ጻፈ። በአብዛኛው ያጠናው የእንስሳትን አካል ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ከ1,000 ዓመት በላይ ቃሉን ተቀበሉ።

ከዚያ ዐብዱለጢፍ አል-በግዳዲ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1162 በባግዳድ የተወለደ፣ ሐዲሥና ፊቅህ የተማረ፣ ሐኪምም የሆነ ሰው ነው። ከ1200 ጀምሮ ግብፅን ብርቱ ረሃብ መታት። ብዙ ሕዝብ አለቀ። በካይሮ አጠገብ አል-መቅስ በተባለ ቦታ የሟቾች አጽም ተከምሮ ነበር። ዐብዱለጢፍ ወደዚያ ሄዶ የብዙ ሰዎችን የራስ ቅል ተመለከተ። ሌሎች ሰዎችም እንዲያዩለት ጠየቀ። የሰው የታችኛው መንጋጭላ አንድ አጥንት ብቻ፣ ምንም መጋጠሚያ የሌለው ሆኖ አገኘው። ጋሌን ታላቅ ቢሆንም በዓይን የታየው ከእሱ ቃል የበለጠ አስረጂ መሆኑን ጻፈ። ዛሬ እንደምናውቀው ሕፃን ሲወለድ መንጋጭላው ሁለት ክፍል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ግን ገጥሞ አንድ ይሆናል።

አስተውሉ! ይህ ሰው በረሃብ ያለቁትን ለመዘበት አልሄደም። ለሕያዋን የሚጠቅም እውቀት ፈልጎ ነው የሄደው። ልጆቻችን ከእሱ የሚማሩት የተባለውን ሁሉ ከመቀበል በፊት ማየትን፣ ያዩትንም በአማና መናገርን ነው።

ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚሰሙት ሌላ አጽምም አለ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974) በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ (ሉሲ) ናት። በኢትዮጵያዊው ዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 በዲኪካ ተገኝታ በ2006 ለዓለም የተገለጸችው «ሰላም»ም አለች። ተመራማሪዎች «ሰላም» ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ እንደነበረች ያወቁት ከጥርሶቿ ነው፤ የወተት ጥርሶቿ ወጥተው፣ ቋሚዎቹ ገና በመንጋጋዋ ውስጥ ነበሩና። ልጁ «ታዲያ አባታችን አደምስ?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም በል አትበሉት። አደምን አላህ ከጭቃ እንደፈጠረው እናምናለን፤ ይህ አቂዳችን ነው። ከመሬት የወጣ አጥንት መኖሩን ደግሞ አንክድም። ጥያቄውን በቁጣ የዘጋንበት ልጅ መጠየቁን አይተውም፤ እኛን መጠየቁን ነው የሚተወው።

አጥንት ፀሐይ ይፈልጋል

ውድ እናቶች፣ አሁን የምናገረውን በጥሞና አዳምጡኝ። አገራችን የ13 ወር ፀሐይ ይባልላታል። ነገር ግን በፀሐይ እጦት አጥንታቸው የሚለፈሰፍስ ሕፃናት አሉ። በሽታው ሪኬትስ ይባላል። አጥንት የሚጠነክረው ካልሲየም በተባለው ንጥረ ነገር ነው። ካልሲየምን ከምግብ ወደ ደም ለማስገባት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሰውነታችን የሚሠራው ፀሐይ ቆዳችንን ሲነካው ነው። የእናት ጡት ወተት ምትክ የሌለው ምግብ ቢሆንም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ለምን እንደብቀዋለን? «ምች ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ያርፍበታል» እያልን ነው። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ምን እንዳገኘ ስሙ። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳምባ ምች የያዛቸውና 500 ያልያዛቸው ሕፃናት ተመረመሩ። ሳምባ ምች ከያዛቸው 500 ውስጥ 210ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው። ካልያዛቸው 500 ውስጥ ግን 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። የጎን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ደረቱን በደንብ ከፍቶ መተንፈስና አክታውን ማስወጣት ያቅተዋል። ምችን ፈርተን ከፀሐይ የደበቅነውን ልጅ ለሳምባ ምች አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሕፃኑን ከጥቂት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ዓይኑን ከብርሃን ጋርዳችሁ፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ አሙቁት። በመስኮት መስታወት በኩል የገባ ፀሐይ፣ ልብስ ላይ ያረፈም ፀሐይ ይህን ሥራ አይሠራም። የሰው ዓይን የምትፈሩ ከሆነ አዝካር አለላችሁ፤ አጥሩ ውስጥ፣ ጓሮው ውስጥ ይሁን። እናንተም ተሸፋፍናችሁ የምትውሉ እህቶች፣ በግቢያችሁ ውስጥ ባዕድ በማያያችሁ ቦታ ክንዳችሁን ፀሐይ አስነኩት። ነፍሰ ጡር እናት ያላትን ነው ለልጇ የምታካፍለው። የሕፃኑ እግር ከጎበጠ፣ አንጓው ካበጠ፣ ከመቆምና ከመሄድ ከዘገየ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል።

ምግብንም አንርሳ። ቆጮአችን ሆድ ይሞላል፤ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ከአይብ፣ ከጎመን፣ ከባቄላ፣ ሲገኝም ከወተትና ከእንቁላል ጋር ለልጆች ይቅረብ። እንግዳ ሲመጣ አይቡን ለእንግዳ፣ ቆጮውን ብቻ ለልጅ ማድረግ ይቅር። በልጅነት ያልተገነባ አጥንት በእርጅና ይሰበራል።

አጥንት ሲሰበር

ልጅ ይወድቃል። ከአቦካዶ ዛፍ ይወድቃል፤ በጀፎረው ላይ ኳስ ሲጫወት ይወድቃል፤ ባጃጅ ይገጨዋል። የወደቀ ልጅ የት ይወሰዳል? በብዙ ቤት በመጀመሪያ ወደ ወጌሻ ነው። የወጌሾቻችንን ሙያ አልንቅም። ብዙዎች ለሰው የሚያዝኑ፣ በቅርብ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን ለዝምታ ቦታ የሌለው አንድ አደጋ አለ። የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ቀርከሃው በጠበቀ ገመድ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣል፤ ደም ወደ ጣቶች መድረሱ ይቆማል። ደም ያጣ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆችን ጉዳይ ደጋግመው ጽፈዋል። ስብራቱ ራሱ በጥቂት ሳምንታት ይድን ነበር። እጁን ያስቆረጠው ማሰሪያው ነው።

እዚህ ላይ ነው የልጁ እውቀት የሚያስፈልገው። ልጁ ያመዋል፤ እኛ ግን «ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ቻለው» እንለዋለን። እሱም ጥርሱን ነክሶ ያድራል። ጠዋት ሕመሙ ሲቆም «ተሻለው» ብለን እናመሰግናለን። ሕመሙ የቆመው እጁ ስለዳነ ሳይሆን ነርቩ ስለሞተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልጆቻችንን እንዲህ ብለን እናስተምራቸው፦ አጥንትህ ሕያው ነው፤ ደም ይፈልጋል። ከታሰርክ በኋላ ሕመሙ ከቀነሰ ይልቅ ከጨመረ፣ ጣትህ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ጣትህን ማንቀሳቀስ ካቃተህ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰን። ይህ አቤቱታ አይደለም፤ ግዴታህ ነው።

ለወላጅም እላለሁ። የታሰረ ልጅ ጣቶቹ እንዲታዩ ይተው፤ ማታም ጠዋትም ንኳቸው። ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱን ካያችሁ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። «ወጌሻው ይቀየመኛል» አትበሉ። የተሰበረ ቦታ አይታሽ። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ፣ ልጁ በጭንቅላቱ ወይም በአንገቱ ከወደቀ ወደ ወጌሻ ፈጽሞ አይወሰድ። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ ሕፃንም ካለ ቁጣ ነው ብላችሁ አትሸሽጉት። የሕፃን አጥንትና ጅማት ለስላሳ ስለሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ቀስ እያለ ሊስተካከል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የጀመረው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከሚሰጣቸው ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ነው።

ዲናችን የስብራትን ሕክምና ያውቀዋል። በፊቅህ መጻሕፍት «ጀቢራ» የሚባል ርዕስ አለ፤ የታሰረ ስብራት ያለበት ሰው ማሰሪያውን ሳይፈታ በላዩ ላይ በእርጥብ እጅ አብሶ ዉዱእ እንደሚያደርግ የሚያስተምር ነው። «ሰላቴ ይበላሻል» ብሎ ጄሶ የሚፈታ ሰው እንዳይኖር ይህንንም ለልጆች እንንገር። ራሱን የቆሰለውን ሰሐባ ያለ እውቀት «መታጠብ አለብህ» ብለውት በሞተ ጊዜ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ያህል እንደተቆጡ፣ የአላዋቂነት መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም እንዳስተማሩ አስታውሱ።

ዱላና ሸክም

በመጨረሻ ለኡስታዞችና ለወላጆች። አጥንትን ያስተማረ ሰው አጥንት ላይ ዱላ ማንሳት ይከብደዋል። የሕፃን እጅ ስንመታ የምንመታው 27 ትናንሽ አጥንቶችን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ፊትን መምታት ከልክለዋል፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) በጂሃድ ካልሆነ በቀር በእጃቸው ማንንም መትተው እንደማያውቁ ነግረውናል። እ.ኤ.አ. በ1994 የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሌሎች የሕፃናት መጠበቂያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መድረሳችንም ከዚህ ውጭ አይደለም። ሉሁን ጭኑ ላይ አድርጎ ለሰዓታት ጎብጦ የሚቀራ ልጅም በየመሐሉ ተነስቶ ጀርባውን ይዘርጋ።

ሸክሙንም እንመልከት። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። የ9 ዓመት ልጅ ራሷ ስንት ኪሎ ናት? በልጆች ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ቁመት የሚጨምርበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ እስከ ጉርምስና ማብቂያ አይዘጋም። ሥራ እንዳትሠራ አላልኩም፤ ልክ ያለው ይሁን ነው ያልኩት። ትንሽ ጀሪካን ይገዛ፤ ወንዱም ልጅ ይመላለስ።

ውድ አድማጮቼ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አስተምሩ አልልም። ዛሬ ማታ ለመግሪብ ዉዱእ ሲደረግ በጣቶች ጀምሩ። ነገ ክርኑን፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚቱን አድርጉ። በጁሙዓ ቀን የጎን አጥንታቸውን ይቁጠሩ። የአደጋውን ምልክቶች ግን ለነገ አታሳድሩ፤ ልጅ መቼ እንደሚወድቅ አናውቅምና። ልጆቻችን አላህ በእጃችን ያኖራቸው አማና ናቸው። ያን ቀን አጥንቶች ሁሉ ሲሰበሰቡ ስለ አማናችን እንጠየቃለን።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን አጥንት ያጠንክርልን፤ የተሰበሩትን ይጠግንልን፤ ጠቃሚ እውቀት ይስጠን። አሚን።